የጭልፊቱ ጉልበት

በቅድሚያ አንድ ኃጢአቴን ልናዘዝላችሁ፤ ሌላው ራሱ ይከተላል። ባሕር ዳር ተወልጄ፣ ባሕር ዳር አድጌ፣ ሳይክል መንዳት አልችልም።

የሌላ አገር ሰው ይህን ሲያነብ «ታዲያ ምን ይሁን?» ይል ይሆናል። የእኛ አገር ሰው ግን ደረቱን ይደቃል። ከተማችን እንደሆነች እንደ ጠረጴዛ የተደላደለች ናት፤ ዳገት የሚባለውን ነገር የምናውቀው ሰው አገር ስንሄድ ነው። ባጃጅ ሳይወርሰን በፊት፣ እንደ አባየ አነጋገር፣ የባሕር ዳር ሰው የሚወለደው ፔዳል ላይ ነበር። እኔም ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። አንድ ጊዜ ዘንባባ ገጨሁ። አንድ ጊዜ የሰው በግ ላይ ወደቅሁ፤ በጉ ደኅና ነው። ሦስተኛውን ጊዜ የወደቅሁት ግን ሳይክሉ ቆሞ ሳለ ስለሆነ፣ የዚያን ዕለት ከሳይክል ጋር በሰላም ተለያየን።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሳይክል ሻምፒዮን ታሪክ እንድትጽፍ የተመረጠችው ማን ትመስላችኋለች?

ጥፋቱ የአማርኛ መምህራችን ነው። ዘንድሮ አንድ ድርሰቴን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡና «ይህች ልጅ ብዕር አላት» አሉ። በቃ፣ ያን ቀን ያበደች ልጅ እስካሁን አልዳነችም። እማየ ሱቅ ስትልከኝ የምጽፈው የዕቃ ዝርዝር እንኳ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ አለው። «ከሁሉ አስቀድሞ ሽንኩርት» ብየ እጀምርና «በመጨረሻም ክብሪት ይረሳ ዘንድ አይገባም» ብየ እጨርሳለሁ። ባለሱቁ የእኔን ወረቀት ሲቀበል ወንበር ስቦ ነው የሚያነበው።

ወደ ሻምፒዮኑ ልመለስ። ስሙ አንተነህ ነው፤ እኛ ግን ጭልፊቱ ነው የምንለው። እንፍራንዝ ተወልዶ ባሕር ዳር ያደገ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሳይክል ያልወረደ፣ ከወረደም ዋንጫ ለመቀበል ብቻ የሚወርድ ሰው ነበር። ባለፈው የጎንደር መንገድ ውድድር ታዲያ ሰባተኛ ወጣ። ሰባተኛ መውጣት ነውር አይደለም፤ እኔ በሒሳብ ሰባተኛ ብወጣ እማየ ድግስ ትደግሳለች። ነገሩ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ከሳይክሉ ወረደ፣ ሳይክሉን ዘንባባ ላይ አስደገፈ፣ «በቃኝ» አለ፣ ሄደ።

አንዲት ቃል! አሥራ አንድ ዓመት ለጮኸለት ሕዝብ አንዲት ቃል! «ለምን?» የምትባለው ጥያቄ ከተማው ውስጥ እንደ ጉንፋን ገባች። ሁሉም ያዘው፤ አንዱ ለአንዱ እያስተላለፈ፣ መድኃኒት ግን ያለው ሰው ጠፋ።

ጉንፋኑ የጠናው ግሽ አባይ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ጋሽ ሙላት ዋርካ ሥር ነው። ጋሽ ሙላት ሳይክል ሠሪ ናቸው። ዘንድሮ ሳይክል ስላነሰ የባጃጅ ጎማም ይጠግናሉ፤ የባጃጅ ሲጠግኑ ግን ፊታቸውን አዙረው ነው። ከእሳቸው ሥር የማይጠፉ ሦስት ሰዎች አሉ። አንደኛው ሐጂ ሰዒድ ናቸው፤ ጨርቅ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ውድድር በመጣ ቁጥር ሱቃቸውን ዘግተው በፒክአፕ መኪናቸው ከተወዳዳሪዎቹ ኋላ ይከተላሉ። ሁለተኛዋ እትየ የሺ፣ ማዕዘኑ ላይ ጭማቂ የሚሸጡ፣ በዚያውም የሰፈራችን ዕድር ዕቃ ጠባቂ። ሦስተኛው አባየ ነው። አባየ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል፤ የዓመት ፈቃዱን ደግሞ እማየን ዘመድ ጥየቃ በመውሰድ ፈንታ በጎንደር መንገድ ዘንዘልማ መታጠፊያ ላይ ቆሞ ጭልፊቱን ሲጠብቅ ይጨርሰዋል።

እነዚህ አራቱ አንድ ቀን ተሰብስበው ለጭልፊቱ መሸኛ እናዘጋጅ አሉ። እሑድ ሦስት ሰዓት፣ እዚያው ዋርካው ሥር። ጋሽ ሙላት ደወሉለት፤ እመጣለሁ አለ።

«ታሪኩም በጽሑፍ ይነበብ» አሉ ጋሽ ሙላት። «ዝም ብሎ በጭብጨባ የሚሸኝ ሰው አይደለም።»

«ልጄ ትጻፈው!» አለ አባየ።

ሐጂ ሰዒድ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ሳይክል ትነዳለች?»

«ትጽፋለች አልሁ እንጂ ትነዳለች መቼ አልሁ!»

«በጉ ላይ የወደቀችው እሷ አይደለችም እንዴ?» አሉ እትየ የሺ፣ ለጨዋታው ያህል።

እኔ ግን እሺ ብየ ነበር። ደስታየን አትጠይቁኝ! ጽሑፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ከክፍል ውጭ ሊነበብ ነው፤ ያውም በባለታሪኩ ፊት። ቤት ገብቼ ደብተሬን ከፍቼ ስቀመጥ ነው ነገሩ የገባኝ። በባለታሪኩ ፊት! ስለ ሞተ ንጉሥ ብትሳሳት ተነስቶ አያርምህም። ይህ ሰው ግን ከፊቴ ተቀምጦ ይሰማኛል። የሳይክል ሰው ታሪክ ስትጽፍ ደግሞ ዋናው መስመር ለምን እንደተወው የሚናገረው ነው። እሱን ካወቅሁ ጸሐፊ ነኝ፤ በግምት ሞልቼ እሱ «ውሸት ነው» ካለኝ ግን ወደ ሽንኩርትና ክብሪት ዝርዝሬ እመለሳለሁ። አንድ ሳምንት ነበረኝ።

መጀመሪያ ጋሽ ሙላት ዘንድ ሄድሁ። ደብተሬን አይተው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ጻፊ» አሉኝ። «ያን ጊዜ ከወረታ ሲመጡ፣ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ሰው ቢሆን ይቆም ነበር። እሱ በባዶ ቸርኬ ገባ! ቸርኬው ከአስፋልቱ ጋር እሳት ይተፋል!»

ጻፍሁ። ሐጂ ሰዒድ ሱቅ ገብቼ አነበብሁላቸው።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ። «ጎማው እኮ ደኅና ነበር። የተበጠሰው ሰንሰለቱ ነው። እኔ ከኋላው ነበርሁ፤ በእግሩ መሬቱን እየገፋ ነው የገባው። ሙላት ሳይክል ያውቃል እንጂ ውድድር የት ያውቃል?»

ሰረዝሁና ጻፍሁ። ማታ ለአባየ ራት ላይ አነበብሁለት። አባየ ጎማውንም ሰንሰለቱንም ከሥራ አሰናበተና በሬ አስገባ። ዘንዘልማ ላይ በሬ መንገድ ሲያቋርጥ ጭልፊቱ በሬውን ሊያድን ማሳ ውስጥ ገብቶ፣ በማሳው ጫፍ ወጥቶ፣ ቀደመ።

«ማሳው ምን ነበር የተዘራበት?» አልሁት፤ ጸሐፊ ዝርዝር ይወዳላ።

«ጓያ» አለ ሳያመነታ።

ያኔ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሦስቱም ዓይኔ አየ እያሉ ይምላሉ፤ ሦስቱም ሐሰተኛ አይደሉም። የሆነ ሆኖ የሳይክል ውድድር እንዴት እንደሚታይ አስቡት እስቲ። ኳስ ተመልካች ዘጠና ደቂቃ ያያል። የሳይክል ደጋፊ ግን ከንጋት ጀምሮ መንገድ ዳር ይቆማል፣ ፀሐይ ይጠብሰዋል፣ ከዚያ «መጡ! መጡ!» ይባላል፤ ሽው! አለቀ። ሦስት ሰከንድ። አባየ በአሥራ አንድ ዓመት ጭልፊቱን ያየው ቢደመር ጥርስ መፋቂያ ያህል ጊዜ አይሞላም።

«አባየ» አልሁት፣ «ፊቱን አይተኸዋል?»

«እንዴ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ!»

«ምን ይመስላል?»

ጉርሻው አፉ ጋ ቆመ። አሰበ። «ጎንበስ ያለ ነው» አለ።

«እሺ፤ ሌላስ?»

«መነጽር አለው።»

እማየ ሳቋን ለመደበቅ ውኃ ልታመጣ ተነሳች። ሐጂን ስጠይቃቸው ደግሞ ጀርባውን ከገዛ ልጆቻቸው ጀርባ ለይተው እንደሚያውቁ ነገሩኝ። ጋሽ ሙላት ሳይክሉን ያውቃሉ፤ በማርሹ ጥርስ ቁጥር ሳይቀር። የሰውየውን ጥርስ ግን ያየ የለም።

ወደ ዋናው ጥያቄ መጣሁ። ለምን ተወው?

«ጉልበቱ ነው» አሉ ጋሽ ሙላት። «የግራው። በመጨረሻው ውድድር ኮርቻው በአንድ ጣት ከፍ ብሎ አየሁት። ጉልበቱን ያላመመው ሰው ኮርቻ ከፍ አያደርግም።»

«ጉልበቱስ ጉልበቱ ነው» አሉ ሐጂ ሰዒድ፤ «ግን የቀኙ ነው። ከኋላ የሚያይ እኔ ነኝ።»

«ምን ጉልበት ጉልበት ይላሉ!» አሉ እትየ የሺ ማንጎ እየላጡ። «ሴት ናት። ወንድ ልጅ ደርሶ ፍሬን የሚይዘው ቤት ሲያምረው ነው።»

አባየ በሦስቱም ተቆጣ። «መቼ ተወና! ተቀናቃኞቹን ሊያዘናጋ ነው። ይመለሳል።»

እኔ መቼም ሞኝ ነኝ፤ «ለምን ራሱን አንጠይቀውም?» አልሁ።

አንድ ነውር ቃል አምልጦኝ የወጣ ይመስል አራቱም አዩኝ።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ሙላት ቀስ ብለው፣ «ጀግና ለምን ወረድህ ተብሎ አይጠየቅም። ነውር ነው። እንደ መዝለፍ ነው።»

«ሲደውሉለትስ ምንም አላሉትም?»

«ጤንነቱን ጠየቅሁት።»

«ምን አለ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አለ።»

«ታዲያ ደኅና ነዋ!»

«ለአፉ ያህል ነው እንጂ! ድምፁን ብትሰሚው የጉልበት ሕመምተኛ ድምፅ ነው።»

እንግዲህ በዚህ መረጃ ተቀምጬ ልጽፍ ሆነ። ሌላ ችግር ደግሞ መጣ፤ የሰው ታሪክ እንዴት ተጀምሮ እንዴት እንደሚያልቅ አላውቅም። ትምህርት ቤት የተማርነው ስለ አየር ብክለት መጻፍ ነው። ጭንቀቴን ያዩት እትየ የሺ አዘኑልኝና የዕድሩን ሣጥን ከፍተው አንድ የቆየ ፋይል ሰጡኝ።

«ይኸውልሽ» አሉ። «የሰፈሩ ሰው ታሪክ ሁሉ እዚህ አለ። ሲነበብ ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ በእንባ ነው የሚሰማው። የእናት አባቱን ስም ደግሞ እኔ አመጣልሻለሁ።» አመጡልኝም። እትየ የሺ ወሬ ከየት እንዳመጡ አይጠየቁም።

ፋይሉን አነበብሁት። እውነትም እንዴት ያማረ ነው! አጀማመሩ ያምራል፣ አካሄዱ ያምራል፣ ሁሉም ሰው ትሑትና ለተቸገረ ደራሽ ነው። እኔ ምን አለፋኝ፤ መንገዱን ተከትየ ሄድሁ። የሰዎቹ ታሪክ በሙሉ ለምን በአንድ ዓይነት ነገር እንደሚያልቅ ልብ ያላልሁት ያለቀበትን ቃል ሁሉ በሳይክል እየተካሁ ስለነበር ነው። አንዲት መስመር ብቻ ባዶ ተውሁ። ረቡዕ ባዶ ነበረች፤ ዓርብ ባዶ ነበረች። ቅዳሜ ግን ልቤ ፈራና በሁለት ድምፅ ያሸነፈውን ጉልበት ጻፍሁበት። ግራ ይሁን ቀኝ አልወሰንሁም። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ጥበብ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ጣና በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ዝናብ ከመጣ ዋርካው አያስጠልልም። «ድንኳን!» ተባለ። ድንኳኑ በማን እጅ ነው? በእትየ የሺ። እሳቸውም ደርቆ እንዲመለስላቸው አስምለው አወጡት።

የሰፈራችን ሰው ለሠርግ ነጩን ድንኳን ይከራያል። ይኼኛው፣ ግራጫው የዕድሩ ድንኳን፣ በሕይወቱ ደስታ አይቶ አያውቅም። ምሰሶው ከተማ ጫፍ ቢታይ ሰው ነጠላውን ያስተካክላል። እኛ ግን ደመናውን እንጂ ድንኳኑን መቼ አየን? ተተከለ፤ የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተደረደሩ። ሐጂ ሰዒድ ትልቅ የጭልፊቱን ፎቶ በፍሬም አሠርተው መጡ። ጎንበስ እንዳለ ነው፣ በቆብና በመነጽር። ማተሚያ ቤቱ ቀለም አልቆበት ኖሮ በጥቁርና ነጭ ነበር። እሱን ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ ጠረጴዛ ላይ አቆሙት፤ ግራና ቀኙን አበባ።

አየ! አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት እናት ናቸው የመጀመሪያዋ። ድንኳኑን አዩ፣ ፎቶውን አዩ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገቡ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ተቀመጡ። ጋሽ ሙላት ደጋፊ መሰሏቸው፤ «አሜን፣ ይግቡ ይግቡ» አሉ። ከኋላቸው አምስት ተከተሉ። ከዚያ አሥር። አንድ ባጃጅ ነጂ ቆም አለና ፎቶውን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ጭልፊቱ ነው እንዴ? ወይኔ! መቼ?»

«ባለፈው ውድድር» አለ አባየ፤ የተወበትን ቀን የተጠየቀ መስሎት።

«ሰባተኛ በወጣ ዕለት?»

«እዚያው። አንዲት ቃል ተናግሮ።»

ነጂው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከዚያ ባጃጁን ወደ ዘንዘልማ መንገድ አዞረ። ባጃጅ ሰውና ወሬ ይጭናል፤ ወሬው ታሪፍ የለውም፤ ሁልጊዜም ቀድሞ ይወርዳል።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ድንኳኑ ሞልቷል፤ ጭልፊቱ ብቻ የለም። አንዲት ጎረቤት ንፍሮ በሳፋ ተሸክማ ስትገባ ነው ጋሽ ሙላት የነቁት። ንፍሮ ማን ቤት እንደሚገባ የማያውቅ የለም።

«ኧረ ሰዎች!» ብለው ወንበር ላይ ወጡ። «አልሞተም! ደስታ ነው! መሸኛ ነው!»

ሴቶቹ ተያዩ። «ምስኪን» አለች አንዷ። «አላመነም።»

«ተዉት፣ ይውጣለት» አሉ ነጠላ ዘቅዛቂዋ እናት። «ሐዘን አናት ላይ ሲወጣ እንዲህ ያደርጋል። እስቲ ያዙት፣ እንዳይወድቅ።»

ሁለት ጎረምሶች ጋሽ ሙላትን በብብታቸው ይዘው አወረዷቸው። እሳቸው በታገሉ ቁጥር ሰው ያዝናል። ሐጂ ሰዒድ «እውነቱን ነው፣ ሰውየው ደኅና ነው» ሲሉ፣ «ሐጂም ነካቸው» ተባለ። ሰው መኖሩን ማስረዳት እንዲህ ከባድ መሆኑን የዚያን ቀን አወቅሁ።

እኔ እስከዚያ ድረስ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ በውስጤ እየሳቅሁ ነበር። ሳቄን ያቋረጠው ከውጭ የመጣ ጩኸት ነው።

ባጃጅ ቆመ፤ አንዲት ሴት ሳትወርድ በፊት ድምፅዋ ወረደ። «ወንድሜን! ወንድሜን! ለእኔ ሳይነገረኝ!» ዘንዘልማ የምትኖር የጭልፊቱ ታላቅ እኅት ናት፤ እትየ ስንዱ። ስለ መሸኛው የነገራት ሰው የለም፤ ባጃጁ ግን ነገራት። እንዲህ ያለ ጩኸት ቀልድ ሊሆን አይችልም። አባየ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ሮጦ ደግፎ አስቀመጣት።

«እትየ፣ ደኅና ነው! ሙች ስልሽ! እንደውም አሁን እንደውልለት።»

ደወለ። ዝግ ነው። ሐጂ ደወሉ። ዝግ ነው።

«ከትናንት ወዲያ እናታችንን ልጠይቅ ብሎ እንፍራንዝ ሄደ» አለች እትየ ስንዱ እየተንቀጠቀጠች። «ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ደብቃችሁኝ ነው።»

ያኔ አራቱ ደጋፊዎች ተያዩ። ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ሰውየው አልመጣም፤ ስልኩ ዝግ ነው። ለመሆኑ… እንጃ፣ አላልሁትም፤ እናንተም አትበሉት።

«አንቺ፣ አንብቢው!» አሉኝ ጋሽ ሙላት፣ ጎረምሶቹ እንደያዟቸው። «አንብቢው፣ ከጽሑፉ ይረዱታል! እውነቱ ያለው እሱ ላይ ነው!»

ተነሣሁ። ፎቶው አጠገብ ቆሜ ጀመርሁ።

«አትሌት አንተነህ ከአባቱ ከአቶ እሸቴና ከእናቱ ከወይዘሮ ጠጅቱ በእንፍራንዝ ተወለደ።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ። አወቁት፤ አካሄዱን አወቁት። እኔም ያኔ፣ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ፣ ምን እንዳደረግሁ አወቅሁ። ግን ዳገት የጀመረ ሳይክል መሀል ላይ አይቆምም ይላሉ፤ አላቆምሁም።

«በሥራ ዘመኑ ሁሉ ትሑት፣ ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ ነበር።»

አንዲት ሴት ተንሰቀሰቀች።

«ባደረበት የጉልበት ሕመም ምክንያት ሲረዳ ቆይቶ፣ በተወለደ በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ከሳይክል ዓለም ተለየ።»

«ከሳይክል» የምትለዋን ማንም አልሰማትም። ድንኳኑ ተናጋ! እትየ ስንዱ «ጉልበት! በጉልበት ሞተብኝ!» ብላ ደረቷን ደቃች። የቀረችኝን መስመር፣ «ለቤተሰቦቹና ለወዳጆቹ መጽናናትን እንመኛለን» የምትለዋን፣ ከዚያ ፋይል እንዳለች የገለበጥኋትን፣ ለራሴ አንብቤ ዋጥኋት።

በዚህ መሀል አግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጠ አንድ መንገደኛ እጁን አወጣ። ቡናማ ጃኬት ለብሷል፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጓል። በሁካታው መሀል ገብቶ ነው መሰለኝ፤ አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ንፍሮ አቋድሰውት ነበር።

«ይቅርታ» አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉት ሽማግሌው። «ትጨርስ።»

«ጨርሳለች መሰለኝ፣ አባቴ።» ወደ እኔ ዞረ። «የትኛው ጉልበቴ ነው?»

ሰው ሁሉ አየው። አባየ አየው፣ ሐጂ አዩት፣ ጋሽ ሙላት አዩት። አሥራ አንድ ዓመት የጮኹለት ሰው ሁለት እርምጃ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንዱም አላወቀውም። ጎንበስ አላለማ!

ያወቀችው እትየ ስንዱ ናት። እንዴት እንደደረሰችበት አላየሁም። መጀመሪያ በጥፊ መታችው፤ ከዚያ አቀፈችው፤ ከዚያ እንደገና መታችው፤ ከዚያ እያቀፈች መታችው። ዕልልታው ያኔ ቀለጠ። ነጠላ ዘቅዛቂዋ እናት ነጠላቸውን ቀና አድርገው «እሰይ! እንዲያውም ንፍሮው ለደስታም ይሆናል» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ስልኩ ባትሪ ዘግቶበት፣ ከእንፍራንዝ የተሳፈረበት ሚኒባስ አርፍዶ፣ ከመናኸሪያ በእግሩ ሲመጣ ዋርካው ጋ የለቅሶ ድንኳን አየ። ለቅሶ አይቶ ማለፍ ነውር ነው። ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጨ ልሂድ ብሎ ገባ፤ ቆመው የሚያለቅሱት ፎቶውንም እኅቱንም ጋርደውት ነበር። የአባቱን ስም እስክጠራ ድረስ የማን ለቅሶ እንደሆነ ለመጠየቅ አፍሮ ነበር።

ጋሽ ሙላት እጁን ይዘው ይቅርታ ሲለምኑ፣ ሐጂ በጀርባው ዞረው እያዩ «አዎ፣ ይኸው ነው፣ እሱ ነው» ሲሉ፣ እኔ ወረቀቴን ይዤ ቆሜአለሁ። አልቆልኛል። ውሸቱን በፊቱ አንብቤዋለሁ፤ የትኛው ጉልበት ብሎም ጠይቆኛል። ከዚህ በላይ የሚመጣብኝ ነውር ስለሌለ ግን ድፍረት መጣልኝ። በእርስዎ ልበለው በአንተ ሳልወስን አፌ ቀደመኝ።

«ጋሽ አንተነህ፣ ለምን ተውኸው?»

ጋሽ ሙላት ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሱ ግን ሳቀ። ጥርሱ ያምራል፤ ይኸው እኔ አየሁት።

«እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም እኮ» አለ። «ሁሉም ጤንነቴን ነው የሚጠይቀኝ።» ቦርሳውን አስቀምጦ ተቀመጠ። «አሥራ አንድ ዓመት ያየሁት ከፊቴ ያለውን ሰው ጎማ ነው። ከእንፍራንዝ ባሕር ዳር ስንት ጊዜ መጣሁ? ምን እንዳለ ብትጠይቂኝ ጎማ እልሻለሁ። ባለፈው ግን ዘንዘልማ መታጠፊያው ላይ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ቀና አልሁ። አንድ ሰውየ ጥቁር ጃንጥላ እያወዛወዘ ይዘላል። ስሜን ይጠራል፤ እንዲያ ሲጮኽ አንዱ ጫማው ወልቆ አስፋልት ላይ ቀርቷል። ‹ይህ ሰው ማን ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የሚቆም? ጫማውንስ አገኘው ይሆን?› ማለት ጀመርሁ። እሱን እያሰብሁ ስድስት ሰው አለፈኝ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔ እምቢ አለ። በቆሎ የምትጠብስ ሴት አያለሁ፣ የአባይን ድልድይ አያለሁ፣ ጣናን አያለሁ። መንገድ ዳር ማየት የጀመረ ሰው አይወዳደርም፤ ይንሸራሸር እንጂ። ደስ ሲለኝ ጊዜ፣ በቃኝ አልሁ።»

ሰው ሁሉ እሱን ያያል። እኔ ግን ወደ ጎን አየሁ። አባየ፣ ለዝናብ ብሎ የያዛትን ጥቁር ጃንጥላ በእግሩ ቀስ፣ ቀስ እያደረገ ወደ አግዳሚው ሥር እየገፋት ነው። አሥራ አንድ ዓመት የደገፈውን ሻምፒዮን ከሳይክል ያወረደው ራሱ መሆኑ እየገባው ነበር።

«አይሆንም!» አሉ ጋሽ ሙላት በመጨረሻ። «ይህማ አይጻፍም! ጭልፊቱ የሰው ጫማ ሲያይ ተሸነፈ ልንል ነው? ስም ነው የምናጠፋ! ጉልበት ነው።»

«ጉልበት ይሻላል» አሉ ሐጂ። «የቀኙ።»

«እኔም ጉልበት ነው ባይ ነኝ!» አለ አባየ። ሳምንቱን ሙሉ «ይመለሳል» ሲል የከረመው አባየ! ያውም ሁለቱንም እጆቹን አውጥቶ።

እትየ የሺ ብቻ «ሴት ናት» እንዳሉ ቀሩ።

ድምፅ ተሰጠ። ሰውየው በገዛ ታሪኩ ላይ በገዛ ፊቱ ተሸነፈ። እኔም «የትኛው እንደሆነ ሳይጠቀስ፣ በጉልበት ምክንያት» ተብሎ ወረቀቴ እንዲጸድቅ ታዘዝሁ። በዕድሩ ፋይል ውስጥ አሁን ያለው እሱ ነው። ትክክለኛውን እናንተ ዘንድ አስቀምጫለሁ፤ አደራ።

ጭልፊቱ ይህን ሁሉ ሲሰማ ከአግዳሚው ሥር የወጣችውን የጃንጥላ ጫፍ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ አባየን ረጅም ጊዜ፣ ከሦስት ሰከንድ በጣም የሚበልጥ ጊዜ፣ አየው። አባየ መሬት መሬት ያያል።

«ልክ ናችሁ» አለ። «ጉልበቴ ነው። ልነግራችሁ አፍሬ ነው።»

ከዚያ ተነሣ፤ እኅቱን በክንዱ ይዞ፣ ሕዝቡ በሁለት ወገን ተሰልፎ እያጨበጨበለት፣ ወደ ባጃጁ ሄደ። ገና ሦስት እርምጃ እንደሄደ ግራ እግሩ ትንሽ ጎተት ማለት ጀመረ።

«አላልሁም?» አሉ ጋሽ ሙላት እንባቸውን እየጠረጉ። «የግራው ነው!»

«ምን አሳየህ?» አሉ ሐጂ ሰዒድ ጮክ ብለው። «የቀኙ ነው እንጂ!»

ጭልፊቱ ባጃጁ ደጃፍ ላይ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ሰማቸው መሰለኝ፤ የቀረውን መንገድ በቀኙ አነከሰ።